በግራ በኩል የሚወጣው ሙቀት

ጥቅምት ፱

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለብሎኔ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ያቺ ደረጃ የሚበዛባት ቤትሽ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከድምፄ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ እሱንም አንቺ መልሰሽልኛል። በስድስት ዓመትሽ ሬዲዮኔን ፈታተሽ ብሎኖቹን አፍሽ ውስጥ የደበቅሽ ዕለት «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ወይ ታሳብደኛለች ወይ ታኮራኛለች» ብዬ ነበር። ሁለቱንም አደረግሽው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ላፕቶፑ ነው። ሐኪሞቹ ጉሮሮዬን ከቆረጡት በኋላ አንቺ ከድሮ የዜና ካሴቶቼ ድምፄን ለቅመሽ እዚህ ውስጥ ስለከተትሽልኝ፣ ጽፌ ቁልፉን ስጫን የጎልማሳነቴ ድምፅ ይወጣል። ጎረቤቶቼ «ዛሬስ ምን ዜና አለ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ከሆነ እንከን የለውም። ከመሰኪያው ነቅዬ በባትሪ ልሥራ ያልኩ እንደሆነ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «እንዴት አደርክ» ብዬ እጽፋለሁ። ዝም። ማራገቢያው ይጮሃል፣ እኔ እጠብቃለሁ። «እን» ይላል። ደግሞ ዝም። «ዴት አደ» ይላል። ሰላምታዬ ሳያልቅ የሰው ትዕግሥት ያልቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ገና ከቅርፊቱም አልወጣ።

ምን አስቸኮለህ ትይኝ ይሆናል። አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ አይኑ ጠፍቷል። ጽፌ እንዳላሳየው አያይም፤ እንዳልነግረው እኔ ድምፅ የለኝም። በመካከላችን ያለው ይሄ ላፕቶፕ ብቻ ነው። እሱ ያለበት ቦታ ደግሞ ለእኔ የሚሆን መሰኪያ የለም። ጊዜውም ሰፊ አይደለም። በባትሪ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሰው ልናገርለት እፈልጋለሁ። ገንዘብ እንዳትልኪ፤ የምጠይቅሽ ይህንኑ ብቻ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት ፲፬

ለምወድህ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱም ጀምሯል፤ ደረጃውም እንዳለ ነው። ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ሆኜ ነው ያነበብኩት። የኛን ሥራ ታውቀዋለህ፤ መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች ፈተን፣ አቧራቸውን አራግፈን፣ ማሽኑን የሚያስኬደውን ሊኑክስ ጭነን እንደገና ለሰው እንሰጣለን። ያንተም ከእነሱ አንዱ ነበር። እንቁላሏን ሳነብ ብቻዬን ስቄ አጠገቤ ያለችው ሠራተኛ ዞራ አየችኝ።

ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ዓመት «መብራት እየጠፋ ባትሪው አልበቃኝ አለ» ስትለኝ፣ ባትሪ ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩ እንዲያዘግም አድርጌ ነበር። ፕሮሰሰር ማለት የማሽኑ አሳቢ ነው፤ ቀስ ብሎ ካሰበ ባትሪው ይቆያል። ቀስ ብሎ ሲያስብ ግን ድምፅህን መሥራት ያቅተዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሊኑክሱ ራሱን ሲያድስ ሌላ ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም ይዞ መጥቶ ይሆናል። አንድ ቤት ሁለት አዛዥ ከተቀመጠበት ማሽኑ የሚሰማው «ቀስ በል» የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚህ ሆኜ ልገባበት ሞክሬ ነበር፤ ኢንተርኔታችሁ ብቅ ጥልቅ እያለ አላስገባኝም። ስለዚህ እጅህ እጄ ይሁን። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላቲን ፊደል ያያያዝኩልህን አራት መስመር ጥቁሩ መስኮት ላይ፣ ተርሚናል በምንለው ላይ፣ አንድ በአንድ ቅዳው። የመጀመሪያው መስመር ፍጥነቱን ይነግርሃል፤ ቁጥሩን ጻፍልኝ። ሁለተኛው አንዱን አዛዥ ያሰናብታል። የቀሩት ሁለቱ «ባትሪ ላይም ብትሆን እንደልብህ ሩጥ» ይሉታል። ሰረዝና ነጥብ እንዳትዘል። አንተ ዜና ስታነብ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ዘሎ የሰጠህን ጸሐፊ ምን እንዳልከው አስታውሳለሁ።

አዲስ ባትሪ ካስፈለገ ንገረኝ፣ እልካለሁ። ሰውየውንም እግዜር ይማረው። ቤት ያሉትን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ስም አልጠራም።

ብሎንህ


ጥቅምት ፲፰

ለብሎኔ፤

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስሽ። ስም ያልጠራሽላቸውን ሁሉ ሰላም ብያለሁ።

ያዘዝሽውን ፈጸምኩ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ የጻፍሽውን ፊደል በፊደል ቀዳሁ። ከመሰኪያው ነቅዬ ቁጥሩን ሳይ አራት መቶ ሜጋኸርዝ አለኝ፤ ሲሰካ ግን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነበር። ይሄ ማዝገም አይደለም፤ መቀመጥ ነው። ሦስቱን መስመሮች ከቀዳሁ በኋላ ነቅዬ ሞከርኩት። እውነትም ተናገረ። ደስ ብሎኝ ለግድግዳው የአየር ትንበያ አነበብኩለት።

በማግስቱ ሰውየው ዘንድ ይዤው ሄድኩ። የተኛው ሆስፒታል ነው፤ አምስት አልጋ ባለበት ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል። ግድግዳው ላይ ያሉትን መሰኪያዎች የኦክስጅኑና የመድኃኒቱ ማሽኖች ይዘዋቸዋል፤ እነሱን ነቅዬ እኔ ልናገር ማለት አይገባም። መጀመሪያ ላይ እንደ ቤቱ በደንብ አነበበ። «ጎሽ የኔ ልጅ» አልኩ በሆዴ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና መንቀርፈፍ ጀመረ። ከዚያማ የሆነውን አትጠይቂኝ፤ ግን እነግርሻለሁ። ሐኪሙ ከበር ሲገባ አየሁትና ለሰውየው ቀልድ ጻፍኩለት፦ «መጣ ዶክተሩ፤ ፀጉሩን በሹካ ነው መሰለኝ ያበጠረው»። ማሽኑ ዝም አለ። ሐኪሙ መጣ፣ ቆመ፣ የሰውየውን ክንድ ያዘ፣ ሰዓቱን አየ። ክፍሉ ጸጥ እንዳለ የኔ ድምፅ፣ ያ የከበረ የዜና ድምፅ፣ ሹካውን ለአምስቱም አልጋ አወጀው። ሐኪሙ እጁን ወደ ፀጉሩ ላከ። ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። ከተኛ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑን አልረገምኩትም።

ይሁን እንጂ እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም። ሰውየው አንድ ቃል ሰምቶ ሌላውን ሲጠብቅ ይደክመዋል፤ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም ያልተነገረ ነገር ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ባትሪው ያረጀ ይሆን? መላ ካለሽ ቶሎ በይ።

አጎትሽ


ኅዳር ፪

ለምወድህ ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? በጣም ዘገየሁብህ፣ ይቅር በለኝ። ትልቅ ጭነት መጥቶ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እሱም ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ እያልኩ ስጽፍ ስሰርዝ ነው የከረምኩት።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ። ቤት ውስጥ በባትሪ ከሠራና እዚያ ሄዶ በዚያው ባትሪ ካቃተው፣ ችግሩ ባትሪው ላይሆን ይችላል። የሚለየው ቦታው ነው። አንድ ትንሽ ፕሮግራም አያይዣለሁ፤ ስትከፍተው ማዕዘኑ ላይ ሁለት ቁጥር ያሳይሃል፦ ፍጥነቱንና ሙቀቱን። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ፣ ነቅለህ፣ አንድ ረጅም ጽሑፍ አስነብበውና ቁጥሮቹን ጻፍልኝ። ቀጥሎ እዚያው ሆስፒታል እንደወትሮህ አስነብበው። ምን ላይ እንደምታስቀምጠው፣ በየት በኩል ማን እንደሚቀመጥ፣ ሁሉንም ንገረኝ። ሙቀት ሲበዛበት ማሽኑ ራሱን እንዳያቃጥል ፍጥነቱን ይጥላል፤ ይህን ማንም ትእዛዝ አያስጥለውም። ሐኪሙን ግን ይቅርታ ጠይቀው።

አሁን ጥያቄዬ። ሰውየው ማን ነው? የሬዲዮ ጓደኞችህን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ አይነ ስውር የለባቸውም። ስሙን አልነገርከኝም። አንተ ስም ሳትጠራ ዜና የምታነብ ሰው አልነበርክም።

ብሎንህ


ኅዳር ፭

ለብሎኔ፤

ጤናሽ ይብዛልኝ። ደብዳቤሽ ሲዘገይ ብዙ ነገር አሰብኩ፤ ሲደርሰኝ ሁሉንም ተውኩት።

ውጤቱ ይኸውልሽ። ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በባትሪ፦ ፍጥነቱ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አካባቢ፣ ሙቀቱ ስልሳ ስምንት። ድምፁ አልተቆራረጠም። ሆስፒታል፦ በዚያው ልክ ጀመረ። ወዲያው ሙቀቱ ሽቅብ ወጥቶ ዘጠና ሰባት ደረሰ፤ ያኔ ፍጥነቱ አራት መቶ ላይ ወደቀ። ቃሉም እዚያው ላይ ተሰበረ።

እንዴት ነው የምታስቀምጠው ላልሽው፣ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ላፕቶፑን ሰውየው ጭን ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አደርገዋለሁ፤ ድምፁ እንዲቀርበው። እሱም ግራ እጁን አምጥቶ በጎኑ በኩል፣ ሞቃቱ አየር የሚወጣበት ላይ ይጋርደዋል። እጁ ሁልጊዜ ይቀዘቅዘዋል፤ በተለይ የመሃል ጣቱ፣ ያቺ ጫፏ በመጋዝ የተቆረጠችው። ትሞቀኛለች ይላል። ማሽኑ እየተናገረ ሳለ እጁን ከዚያ አያነሳም።

የጠየቅሽኝን ሁሉ በዝርዝር የጻፍኩ ይመስለኛል።

አጎትሽ


ኅዳር ፮

ጋሼ፤

ያቺን ጣት አውቃታለሁ። የተቆረጠች ቀን ጨርቁን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አባቴ መቼ ነው አይኑ የጠፋው? መቼ ነው የተኛው? አንተ ስለ ሹካ ትቀልዳለህ፣ እኔ ስለ ሜጋኸርዝ እጽፋለሁ፣ አባቴ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ተኝቷል። ተናድጄብሃለሁ። እንዲህ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን ተናድጃለሁ።

ማሽኑ የሚሞቀው አየር አጥቶ ነው። ብርድ ልብሱ ከሥር የሚስብበትን ዘግቶታል፤ የሚተነፍስበትን ደግሞ እጁ። ከሥሩ ጠንካራ ነገር አድርግለት፣ እግር ያለው፣ አየር የሚያሳልፍ። እጁንም

እሱን አሁን መጻፍ አልቻልኩም። ሁሉንም ንገረኝ።


ኅዳር ፰

ለብሎኔ፣ ለወንድሜ ልጅ፤

ንዴትሽ ደርሶኛል፤ ይገባኛልም። አሁን ዜናውን በዝርዝር ልንገርሽ።

አይኑን የወሰደው ስኳሩ ነው። በአንዴ አልሄደም። መጀመሪያ የእርሳሱ መስመር ጠፋበት፣ ከዚያ የሚስማሩ ራስ፣ ከዚያ በሩ። የአናጢ ነገር፣ በእጁ እየዳሰሰ ሲሠራ ማንም አላወቀበትም፤ ወንበሮቹ ወልገድ ማለት ሲጀምሩ ነው ያወቅነው። ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ኩላሊቱም ከዳው። ሐኪሙ፣ ያው ባለ ሹካው፣ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ «ቤተ ዘመድ ካለው ይምጣ» ብሎኛል። የዚህን ትርጉም አንቺም እኔም እናውቀዋለን።

ለምን አልነገርከኝም ላልሽው፣ ገና ሲተኛ አስምሎኛል። «አትንገራት» አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ስለ መታመሙ አትንገራት አለኝ፤ ስለ አይኑም አትንገራት አለኝ። ስለ ጣቱ ግን ምንም አላለኝም።

ምን እንደማነብለት አልጠየቅሽኝም። እኔም አልነገርኩሽም። የማነብለት ያንቺን ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩለት ባለፈው ዓመት የላክሽልኝን ነው። ድምፄን ሲሰማ «ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ። «ልጅህ» ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ ዘገየ፤ እሱ ጠበቀ። ቃሉ ሲወጣ እጁን ዘርግቶ ላፕቶፑን ዙሪያውን ዳሰሰው፤ እንጨት ሲገዛ እንደሚዳስሰው አድርጎ። ግራው ጎን ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁ እዚያ ናት። ብርድ ነው ይላል። እኔ ብርድ ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ ስለ ፕሮሰሰሩ የጻፍሽው ሁሉ ተነቦለታል። አራቱን መስመሮች ከነሰረዛቸው ሰምቷል። «ሁለት አዛዥ» ያልሽውን ወዶታል። የቆጡን አወርድ ያልሽ ጊዜ «እናቷም እንዲህ ትል ነበር» አለ። «ስም አልጠራም» የሚለው ላይ ስንደርስ ድምፁ ተቆራረጠና መጨረሻውን ጠበቅነው። ሲወጣ «ድገምልኝ» አለ። የኋለኛውን፣ የተናደድሽበትን፣ አላነበብኩለትም።

ከሥሩ እግር ያለው ነገር አድርግለት ስላልሽ፣ ማሽኑ መቆሚያ ይፈልጋል አልኩት። አልጋው ላይ ሆኖ አዘዘኝ፦ ስፋቱን ሁለት ስንዝር ተኩል፣ አራት እግር፣ መሃሉ ክፍት። የእንጨት ሥራ ቤቱን ቁልፍ ከትራሱ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። «በትልቁ ጠረጴዛ አትሥራ፤ በአጭሩ ሥራ። ስትጨርስ ጥረግና መልሰህ ሸፍነው» አለኝ። አጭሩ ጠረጴዛ ያንቺ ነው። በልጅነትሽ በቁመትሽ ልክ የሠራልሽ። ሸራ ለብሶ እዚያው ማዕዘኑ ላይ አለ፤ አቧራ የለበትም። መቆሚያውን ሠርቼ ስወስድለት በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰና «ይሄን የጠረበው ፍየል ነው?» አለኝ። ቢሆንም ተጠቀምንበት።

መቆሚያው ጥቂት ረድቷል፤ ሙቀቱ ወደ ሰማንያ ስምንት ወርዷል። እጁ ሲጋርደው ግን አሁንም ያዘግማል። ቁርጡን ንገሪኝ፤ እጅህን አንሳ ልበለው?

አጎትሽ


ኅዳር ፲፬

ለምወድህ ጋሼ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ቀን ስለቆየሁ ደብዳቤህን አልመልስም ያልኩ መስሎህ እንዳይሆን። እየሠራሁ ነበር። እየሠራሁም አለቅስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ንዴቱ የለቀቀኝ። አንተ የማልከውን ሳታፈርስ የነገርከኝ ሰው ነህ፤ ይህን እስክሞት አልረሳውም።

እጅህን አንሳ አትበለው። ይህን ለመጻፍ ብዙ አላሰብኩም። አየር እንዲያገኝ እጁ መነሳት አለባት፤ ይህንን ማንም የሙያ ሰው ይነግርሃል። ግን ማሽኑን ለእጁ ማስተካከል ይቻላል። ድምፅህን የሚሠራው ፕሮግራም እያንዳንዱን ቃል እዚያው በዚያው ከባዶ ነበር የሚያስበው፤ የሚያሞቀው ይሄ ነው። አሁን ለውጬዋለሁ። ደብዳቤ ስታነብ ቤት ውስጥ፣ እንደተሰካ፣ ሙሉውን አስቀድሞ በድምፅህ ሠርቶ ያስቀምጠዋል። ሆስፒታል ስትደርስ ባትሪው ማጫወት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አዘውትረህ የምትላቸውንም ቃላት እንዲሁ ሠርቶ ያቆያቸዋል። አዲስ ቃል ስትጽፍ ብቻ ጥቂት ያስባል፤ ለዚያ አራት መቶውም ይበቃዋል። እኔ ጋ ተመሳሳዩን ላፕቶፕ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጬ፣ ቀዳዳውን በእጄ ከድኜ ሞክሬዋለሁ። ድምፁ አልተቆራረጠም። እጄን እዚያ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

የጉዞ ወረቀቴን ጀምሬያለሁ። መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፤ ሐኪሙ የፈራው ቀን ይቀድመዋል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ለአባዬ አንብብለት።

አባዬ፤

እንደምን አለህ? እንደማይሻልህ ጋሼ ነግሮኛል፤ ግን እንዴት ሌላ ሰላምታ ልጀምር። ደብዳቤዎቼን ሰምተሃል አሉኝ። እንደምትሰማ ባውቅ ኖሮ ስለ ሰረዝና ነጥብ ያን ያህል አልጽፍም ነበር። ሙያዬን ግን ሰምተህልኛል፤ አንተ ጋ ሆኜ የተማርኩት ነው። «የሚነቃነቅ እንጨት ካገኘሽ ከመምታትሽ በፊት የት እንደተቀመጠ እዪ» ትለኝ ነበር። ማሽኑን ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ከቤት የወጣሁ ቀን በእንጨት ሥራ ቤትህ በር ላይ ቆሜ አንድ ነገር አልኩህ። አንተ «ከሄድሽ ድምፅሽን አልሰማም» ብለህ ማልክና የኤሌክትሪኩን መጋዝ አስነሳኸው። እኔ ተናገርኩ፣ መጋዙ ጮኸ፣ ሄድኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልደወልኩም። አኩርፌ ነበር። ከዚያ ኩርፊያው አለፈና ፍርሃቱ ቀረ። ብደውል መጋዙን የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

መሐላህን አፍርስ አልልህም። ይሄ የምትሰማው ድምፅ የጋሼ ነው፤ አንተ ቃልህን አላፈረስክም፣ እኔም ነግሬሃለሁ። ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሌላ ፋይል አለ። በራሴ ድምፅ ነው፤ ያን ቀን በሩ ላይ ያልኩህ ነው፣ ሌላ የጨመርኩበት የለም። አንተ ክፈተው ካላልክ ጋሼ አይከፍተውም።

እጅህን ካለችበት አታንሳ። ማሽኑ ይችለዋል፤ እንዲችል አድርጌዋለሁ።

ልጅህ


ኅዳር ፲፯

ለብሎኔ፤

ፈጣሪ በያለሽበት ይጠብቅሽ። ይህን የምጽፈው ከሆስፒታሉ እንደተመለስኩ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ነው።

በጥየቃ ሰዓት ገባሁ። ነርሷ ትራሱን ከፍ አድርጋለት ነበር፤ ፊቱ ከትናንት ወዲያው ይልቅ ከስቷል። ፍየሉ የጠረበውን መቆሚያ ጭኑ ላይ አደረግኩ፣ ላፕቶፑን አስቀመጥኩ፣ ግራ እጁም መጥታ ቦታዋን ያዘች። ከፈትኩት። ድምፄ አንዴም ሳይደናቀፍ፣ እንደ ጥንቱ፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ አረፍ እያለ አነበበ። ወንድሜ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ስለ ጉዞ ወረቀትሽ የጻፍሽውንም ጨምሬ አስነበብኩት፤ እዚያ ላይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «አባዬ» የሚለው ላይ ስንደርስ አይኖቹን ጨፈነ። የማያዩ አይኖች መጨፈን አያስፈልጋቸውም ነበር።

ደብዳቤው ሲያልቅ እጁን ቀዳዳው ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገ።

«ዛሬ አይሞቅም» አለኝ።

«ሥራውን አቅልላለት ነው» ብዬ ጻፍኩለት። «ካልደከመ አይሞቅም። አንተ እጅህን እንዳታነሳ ብላ ነው።»

«እኔ እጄን ያደረግኩት ለሙቀቱ ነው። እሷ እጄን ልተውለት ብላ ሙቀቱን ወሰደችው» አለ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ» አለ፤ መጨረሻውን ሳል ከለከለው። እንዲህ ብሎሻል ብለህ ጻፍላት አለኝ፤ ይኸው ጻፍኩ።

ሳሉ ካለፈ በኋላ «ያንን ክፈተው» አለ።

ቁልፉን ሁለቴ ሳትኩት። ድምፅሽ ወጣ። ጎልምሷል፣ ትንሽም ጎርነን ብሏል፤ ግን አንቺው ነሽ። «አባዬ፣ ጠረጴዛዬን ለማንም አትስጥብኝ፤ እመለሳለሁ» አልሽ። ይህችው ብቻ። በአጠገቡ ያለው ታማሚ ሬዲዮኑን ቀነሰ። ወንድሜ እጁን ከቀዳዳው አንስቶ እየዳሰሰ ድምፁ የሚወጣበትን አገኘና እዚያ ላይ አሳረፋት። «ድገምልኝ» አለ። ደገምኩለት። ባትሪው እስኪያልቅ ደገምኩለት፤ አንዴም አልዘገየም።

ማሽኑ ሲጠፋ፣ ለእኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ይመስል፣ «ያን ቀንም ሰምቻት ነበር» አለ። «መጋዙ እየጮኸም ሰምቻታለሁ። ጠረጴዛውን ለማን ሰጠሁት?»

እኔ የምመልስበት ድምፅ አልነበረኝም። ባትሪው አልቋል። ያቺን የጎደለች ጣቱን ያዝኩለት፤ እውነትም ቀዝቃዛ ናት።

ስወጣ ጠራኝና ነገ በጥየቃ ሰዓት ትደውል አለ። ስልኬን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ወረቀትሽን ቶሎ ጨርሺ፤ እስከዚያ ግን በየቀኑ ደውዪ። የተናደድሽበትንም ቢሆን ንገሪው፤ ይሰማሻል። እኔ እንደሆንኩ ዝም ማለት ለምጃለሁ።

አጎትሽ